በነጠላ ጫፍ የተቋጠረው ቁልፍ

ጥቅምት 10፣ ሰኞ። ከጧቱ 12፡30

ዳቦው ወጥቷል። አራት ሳጥን፤ ሁለቱ ለማንኩሳ፣ ሁለቱ ለቡሬ ሱቆች። የነጠላዬን ቋጠሮ ፈታሁ። የመኪናዬ ቁልፍ የለም። በቦታው በላስቲክ የተጠቀለለ እምነት፣ እንደ ጠጠር የደረቀ። የማን ነው? ከየትኛው ደብር? እንጃ።

ስማኝ ደብተር። ትናንት ከእድራችን ሴቶች ጋር ከማንኩሳ ወዲያ ለቅሶ ደረስን። በኪራይ አውቶቡስ ስለሆነ ዳማ ቤት ቀረች። (ዳማ የምላት መኪናዬን ነው፤ ቀይ ቪትዝ።) ድስት ላጥብ ብዬ ነጠላዬን አጥሩ ላይ ጣል አደረግሁ። አጥሩ ነጠላ በነጠላ ነበር። ስመለስ ጫፉ የተቋጠረ አገኘሁና ለበስኩ። መንገዱን ሁሉ ቋጠሮዋን እየዳበስኩ፣ አለ፣ ደህና ነው፣ ስል መጣሁ። ለካ የሰው እምነት ነው የምዳብሰው።

ሌላ ቁልፍ የለም። ባሌ አስማረ ሲገዛትም ባንድ ቁልፍ ነበረች። ሁለተኛ እናሠራለን ሲል ሲል እሱ ራሱ ወደማይቀረው ቤት ቀደመ። ዓመት አለፈው።

ለአያ ደምሴ ምን ልላቸው ነው? የአስማረ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ መኪናዋ ትሸጥ ካሉ ሰነበቱ። ሴት ብቻዋን በዚህ መንገድ፣ ምናምን። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይጠብቁኝ፣ ካልቻልኩበት ትሸጥ ብያቸው ነበር። ገዥም ከዳንግላ አግኝተዋል። ይኸው እንግዲህ ቻልኩበት!

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። 9፡00

ለቅሶ ቤቱ ደወልኩ። ድንኳኑ ፈርሷል፣ ለቀስተኛው ወደየአገሩ ገብቷል። ነጠላ ተቀየረብኝ ያለች የለችም። የአጥቢያቸው ቄስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ እንዲናገሩልኝ ለመንኩ።

ከገበያው አጠገብ ያለው ቁልፍ ቀራጭ መጣ። የበሩን መቆለፊያ ፈታ፣ ለካ፣ ቀረጸ። በሩ ተከፈተ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሰክቼ አዞርኩ። ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይነሳም። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። የዋናው ቁልፍ ራስ ውስጥ ቺፕ አለ፣ መኪናዋ የምታውቀው እሱን ነው፣ የኔ ብረት ብቻ ነው አለኝ። እና ባዳ ነሽ ብላ ከለከለችኝ። እኔን! በየቅዳሜው የማጥባትን!

ዳቦው በባጃጅ ሄደ። የቡሬው ግማሹ ተጨፍልቆ ደረሰ። ተናድጃለሁ። በማንም አይደለም፣ በራሴ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። 4፡00

ቡሬ ቺፑን በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ተገኘ። ይበልጣል ይባላል። መኪናዋ ወደሱ መሄድ ስለማትችል እሱ ይመጣል። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ጠየቀኝ፤ ሊብሬው በማን ስም ነው? በአስማረ። እሱስ? ሞቷል። የወራሽነት ወረቀትስ? የለኝም። ፍ/ቤት መሄድ ስሸሽ ነው የከረምኩት። እዚያ ሄጄ «ሟች ባሌ» ማለት አልሆንልሽ ብሎኝ።

እንግዲያው የሟች የቅርብ ቤተሰብ ቆሞ ይመስክር፣ ካልሆነ ቁልፍ አልሠራም አለ። ስልኩን ዘጋሁና ሰደብኩት። ሻይ ከጠጣሁ በኋላ ስድቤን መለስኩ። ለደወለ ሁሉ ቁልፍ የሚሠራ ቢሆን ዳማ አንድ ቀን በሬ ላይ አትገኝም ነበር።

የቅርብ ቤተሰብ ማለት አያ ደምሴ ናቸው። ሌላ የለም። ከሳቸው ስደብቅ ሰንብቼ ዞሬ እሳቸው ዘንድ!

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ። 8፡00

ሄድኩ። በእግሬ። አጎንብሼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለቅሶውን፣ ቋጠሮውን፣ እምነቱን። አላልኩሽም? እስኪሉኝ ጠበቅሁ። አላሉም። ሰኞ በስንት ሰዓት? ብቻ አሉ።

ይኼ ከቁጣው ይብሳል። ገዥውን ይዘው ሊመጡ ይሆን? ይሆናል። አይሆንም።

እምነቱን ከሥዕሉ ሥር አስቀምጬዋለሁ። የሰው አደራ ነው። ትንሽ ግንባሬን ልቀባ አሰብኩ፣ ተውኩት።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ። 10፡00

ደስ ብሎኛል፣ ጽሑፌን አትታዘበኝ።

ይበልጣል ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ጎልማሳ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። አያ ደምሴ ብቻቸውን መጡ። ገዥ የለም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ግቢው በር ላይ ቆሙ። ይበልጣል ሊብሬውን አየ፣ የጋብቻ ወረቀታችንን አየ፣ ከዚያ ወደሳቸው ዞሮ፣ አባቴ፣ መኪናው የማን ነው? አላቸው።

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። የቤተሰቡ ነው፣ ሊሸጥ ነው ቢሉ አለቀልኝ።

«የወንድሜ ነበረ» አሉ። «አሁን የሷ ነው። ሥራላት።»

ከዚያ ሥራው። ባዶ ቺፕ ያለበት አዲስ ቁልፍ በቁልፍ ቀራጩ ብረት ልክ ቀረጸ። ከመሪው ሥር ኮምፒውተሩን ሰካ። የጠፋውን ቁልፍ ከመኪናዋ ላይ እሰርዘዋለሁ፣ ያገኘው ሰው እንዳያስነሳት አለ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ምንም እንዳትነኩ አለን። ሦስታችን ቀይዋን መብራት እያየን ቆምን። ብልጭ ድርግም። ብልጭ ድርግም። ጠፋች። በይ አንቺው ሞክሪያት አለኝ። አዞርኩ። ዳማ በአንዴ ተነሳች። እልል አልኩ፣ ጎረቤት ወጣ፣ አላፈርኩም።

ይበልጣልን ወደ ቡሬ ላደርስ ስል አያ ደምሴ ሳይጠሩ ከፊት ገቡ። እኔ ስነዳ ተሳፍረው አያውቁም። ይበልጣል ቡሬ ወረደ። ስንመለስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተናገሩ።

«ክላክሷን በሰማሁ ቁጥር አስማረ የመጣ እየመሰለኝ ከቤት እወጣለሁ። ሁልጊዜ አንች ነሽ። ትሸጥ ያልሁ ለዚያ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ዳር ይዤ አቆምኩ። አለቀስን፣ ሁለታችንም። ዓመት ሙሉ መንዳቴን የጠሉብኝ መስሎኝ ሳኮርፍ ኖሬያለሁ። ሰላምታ ስሰጥም ስቀበልም ፊቴን አጥቁሬ። ገዥውስ? አልኳቸው በኋላ። ቀርቷል አሉ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ፣ ማርያም። 5፡00

ዳቦ አድርሼ ስመለስ በሬ ላይ ባልቴት ተቀምጠዋል። እማማ አንጓች ይባላሉ። ከማንኩሳ ወዲያ ካለው ገጠር ናቸው፣ ቄሱ ሲናገሩ ሰምተው መጡ። ነጠላዬን አጣጥፈው ይዘዋል። ቋጠሮው እስከ እሑድ አልተፈታም ነበር። እምነቴ ነው ብለው በነጋ በጠባ ጉልበታቸውን በቋጠሮው ሲያሹ ሰንብተዋል። በኔ ቁልፍ!

«ይኸው በእግሬ መጣሁ» አሉኝ። «ተሽሎኝ የለ?»

ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። እምነታቸውን ከሥዕሉ ሥር አንስቼ ሰጠኋቸው። ተሳለሙት። ምሳ አቅርቤላቸዋለሁ፤ ሲበሉ ይቺን ልጻፍ።

የድሮውን ቁልፍ ሞክሬዋለሁ። ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ዳማ ረስታዋለች። ክፍት አለኝ። ፕላስቲኩን ያለሰለሰው የአስማረ አውራ ጣት ነው፤ ጉድጓዱ አለ፣ የኔ ጣት አይሞላውም። ይበልጣል ጋ ደወልኩ። ቺፑ ደህና ከሆነ መልሼ አስተዋውቃቸዋለሁ አለ። ማክሰኞ ይመጣል።

እና ወሰንኩ፣ ደብተር።

ሰኞ ፍ/ቤት። የወራሽነት ወረቀት አወጣለሁ፣ ከዚያ ሊብሬው በስሜ ይዞራል። ምስክሬ አያ ደምሴ ናቸው፣ ተስማምተዋል። እኔው እየነዳሁ እወስዳቸዋለሁ። አሁን ደግሞ እማማ አንጓችን እስከ ማንኩሳ አደርሳለሁ፤ ከፊት ነው የምቀመጠው ብለዋል። አዲሱ ቁልፍ የት እንዳለ አትጠይቀኝ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ለመደብኝ። ግን በቀይ ክር አስሬዋለሁ።

የአስማረ ቁልፍ ማክሰኞ ከነቃ በኋላ ለአያ ደምሴ ይሰጣል። መንዳት እንደማይችሉ አውቃለሁ። ይያዙት ብቻ።