ሲግል ብቻ የሚያልፍ

ጥቅምት 4 ቀን 1974

ማለዳ የዘጌ ጀልባ ሲገባ እያየሁ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ገባሁ። መተየብ ብቻ... ከሰዓት መምህር አንዳርጋቸው ሙከራውን ሊያሳየኝ ጠራኝ። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቱቦ፣ ሃይድሮጅን ሞልቶበት፣ ምድጃ ውስጥ እንደ ፍም ቀልቷል። የግፊት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከምድጃው ውጭ ያለው መጋጠሚያ ያፈስ እንደሆን ሳሙና ቀባሁለት። አንድ አረፋ የለም።

"የት ሄደ ታዲያ?"

"በብረቱ ውስጥ አልፎ፣ እትዬ። ሲግል ብቻ። ሲበርድ ይቆማል።"

ምድጃውን አጠፋው። ቱቦው ሲቀዘቅዝ መርፌውም ቆመ። ገረመኝ። ግን ለሱ ልንገረው? እህቴን አደይን ልዳርለት ብል "አልተማረችም" ብሎ የመለሰ ሰው...

ጥቅምት 19

ከአዲስ አበባ የመጣው የሃይድሮጅን ጋዝ ሲሊንደር ባዶ ሆነ። ካድሬው ጓድ አምባቸው "ማን ሸጠው?" አለ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው አንዳርጋቸው ዘንድ ነው። አንዳርጋቸው ሳቀ። በዚህ ዘመን ይሳቃል?

ጥቅምት 21

ሂስና ግለ ሂስ። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ ነው?

አንዳርጋቸው ተነሥቶ "ቱቦውን ደጋግሜ ሞላሁት፤ ጋዙ በጋለው ብረት አልፎ ሄደ" አለ። ሳቁን የጀመርሁት እኔ ነኝ። "የኔም ዘይት በድስቱ አልፎ ነዋ የሚያልቀው" አልሁ። አምባቸው ስቆ እንባውን ጠረገ።

"እትዬ የሻሽወርቅ፣ ሳሙናውን የቀቡት እርስዎ ነዎት። ይንገሩልኝ።"

"እኔ ሳሙና የማውቀው ለልብስ ነው።"

ሌላ ሳቅ።

"አግለን እንየው" ብሎ ለመነ።

"ሌላ ሲሊንደር አስመጥተህ ልትሸጥ?" አለ አምባቸው።

መነጽሩን አውልቆ ደጋግሞ ሲጠርግ አየሁት። ጠገብሁ።

ጥቅምት 22

በኢኮኖሚ አሻጥር ብለው ወሰዱት። መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ልላክለት? ...እዚያ ምን ያይበታል።

ኅዳር 6

ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። "ንቁ ጓድ" ተባልሁ፤ ተጨበጨበልኝ። ማተቤ ላይ አሰርሁት። ለአደይ ብነግራት ተነሥታ ወጣች። ሞኝ። ለማን ብዬ ነው?

ታኅሣሥ 11

አዲሱ መምህር ክንዱ ያንኑ ቱቦ ሲያግል ከርሟል። ዛሬ አምባቸው በምትኩ የመጣውን ሲሊንደር አስለካ። ባዶ።

"ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?"

"እኔ ዘንድ... ግን ጓድ፣ ብረቱ ሲግል ያልፋል። በዓይኔ አይቻለሁ። አግለን እንየው።"

"እንደ ዘይቱ?" አለኝ፤ ፈገግ ብሎ።

"ክንዱ፣ አንተ ንገርልኝ እንጂ" አልሁ። መስኮቱን ከፍቶ ሐይቁን ያይ ጀመር።

ነገ ሂስ አለ። መጀመሪያ የሚስቀው ማን ይሆን?