የጎረቤቴ መጋረጃ

ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ ሻል አለው ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ልጅቷም ደህና ናት፤ ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ እንደ አያቷ ትቆጣለች። በስልክ «ወሊዱ ጥሩ ነበር» ያልኩሽ ውሸት አይደለም። ለእኔ ጥሩ ነበር። የምጽፍልሽም ስለዚያው ነው።

ጡረታ እስክትወጪ የሠራሽበት ማዋለጃ ክፍል ያው እንደነበረ ነው። መስኮቱ ዛሬም አይዘጋም። አልጋ የሚከልለው ባለጎማ መጋረጃ ግን አንድ ብቻ ቀርቷል። ስገባ ከጎኔ ያለችውን ሴት ከልሎ ቆሞ ነበር። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ናት፤ ባልም የላትም። ይህን ያወቅሁት አዋላጇ ክፍሉ እስኪሰማ ስለተናገረችው ነው።

ሴትየዋ ስትጮህ አዋላጇ ጭኗን በጥፊ አለቻት። ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ፣ «ስታረግዢ ድምፅሽ ያልተሰማ፣» አለችና ትንሽ ቆመች፤ «አሁን አገር ይያዝልኝ ትያለሽ?»

እማዬ፣ ከሥራ ስትመለሺ ጫማሽን እያወለቅሽ ለአክስቶቼ ታወሪው የነበረው ቀልድ ነው። መሃሉ ላይ ቆም የምትይው ራሱ አልቀረም። ትልቋ አክስቴ በሳቅ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። እኔም እስቅ ነበር። አልጋው ላይ ሰው እንደነበረ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ወዲያው የእኔም ምጥ ጠናና ጮህኩ። አዋላጇ ወደ እኔ ስትዞር እጇን አየሁ። አፌ ቀደመኝ፤ «የሲስተር ልጅ ነኝ» ብዬ ስምሽን ጠራሁ። ፊቷ በአንዴ ፈካ። «የእኛ ሲስተር? ውይ፣ የኔ እናት! ምነው ቀድመሽ ብትናገሪ?» አለች። ንጹሕ አንሶላ መጣ። ግንባሬን ጠረገችልኝ። «እዚህ ያለነው ሁሉ የእናትሽ የእጅ ሥራ ነን፤ ሥራውን ያስተማረችን እሷ ናት» አለችኝ። ከዚያ መጋረጃውን ከጎረቤቴ አልጋ አጠገብ እየገፋች አመጣችልኝ። አንዱ ጎማ ሲጢጥ ይላል።

«ተዪላት» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ያልኩት «እግዜር ይስጥልኝ» ነው።

ጎረቤቴ በሩ ተከፍቶ፣ የጽዳት ሠራተኛው ወለል እየወለወለ፣ ተማሪዎች ቆመው እያዩ ወለደች። እኔ ተከልዬ ሰማኋት። ሁለተኛ አልጮኸችም፤ አንሶላውን ነው የነከሰችው።

በኋላ አንድ ክፍል ተኛን። «ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ታድለሽ» አለች። የምትወጋኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። ከልቧ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልጇን አዝላ ቤቴ መጣች። ለሆስፒታሉ አቤቱታ አስገብታ ኖሮ «ምስክር አምጪ» ብለዋታል። ተማሪዎቹ አላየንም አሉ። «ለአንቺ ጥሩ ስለሆኑልሽ ይከብድሻል፤ ግን ሌላ ሰው አጣሁ» አለችኝ። ቁጭ በይ እንኳ ሳልላት እሺ አልኳት።

አዋላጇ ምን እንዳለች ይጠይቁኛል። መጋረጃው ለምን እንደተነሣም ይጠይቁኛል። ሁለቱንም በእውነት ብመልስ ስምሽ ይነሣል። እዚያ ግቢ ስምሽን እንዴት እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ፤ ከዚህ በኋላ እንደዚያ አይጠሩሽም። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ይሁን ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የስንቱን ሴት ምጥ ስታወሪልን ኖረሽ የራስሽን አውርተሽ አታውቂም። ትልቋ አክስቴ አንድ ጊዜ ስትጠይቅሽ ተነሥተሽ ወጣሽ። እኔን ስትወልጂ ማን ነበር ያዋለደሽ? ያን ቀልድ መጀመሪያ ከማን ሰማሽው?

ሐሙስ ጠዋት ነው የምመሰክረው። ጉልበትሽ ከፈቀደልሽ ነዪ። እሷም ትመጣለች፤ ሰው የላትም፣ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

እግዜር ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ዕድሜሽን ለልጄ ያቆይልኝ።

የሲስተር ልጅ