ከባትሪ ቤቱ የተረፈው ጀሪካን

ጥቅምት 4
ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ከሰዓት የተከራዬን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አነበብኩ። መምህርት ናት። ሞላሪቲ የሚሉት ገባኝ... አንድ ሊትር ውስጥ ስንት አሲድ እንዳለ ማወቅ። ለዚህ ነው እንዴ ሰው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው?

ጥቅምት 6
ባለቤቴ የመኪና ባትሪ ይጠግን ነበር። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ። የመጨረሻው ጀሪካን ጓዳ ውስጥ አለ፤ «አምስት ሞላር» ብሎ በእጁ ጽፎ ለጥፎበታል። አራት ሊትር ነበር። እኔ አምስት አደረግሁት። አሲዱ እጁን ሲልጠው ማየት ቢመረኝ፣ በየጀሪካኑ ተደብቄ አንድ ሊትር ውሃ እጨምር ነበር። ባትሪዎቹ ይሞቱ ጀመር። ደንበኛው «አታላይ» ብሎት ሄደ። ሱቁ ተዘጋ። እሱም ብዙ አልቆየም።

ጥቅምት 9
የባለቤቴ እህት እሑድ ትመጣለች። እነግራታለሁ። «ወንድሜን የጨረሰው ሐሜት ነው» እንዳለች ልትኖር ነው? መጀመሪያ ግን ጥፋቴን በልኩ ልወቅ። ለተከራዬ ነገርኳት።
«እትዬ! አሲድ ከግድግዳዬ ጀርባ?»
«አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው።»
«እንደ እርስዎ ማለት ነው።»

ጥቅምት 11
ቡሬት የሚሉትን ቀጭን ቱቦ አመጣች። ከጀሪካኑ አሥር ሚሊሊትር ቀዳን። አሲዱን የሚያረክሰውን አንድ ሞላር ቤዝ ጠብ ጠብ... አሲዱ ሲያልቅ ቀለሙ ይለወጣል አለችኝ፤ አርባ ሚሊሊትር ላይ ሮዝ ሆነ። ብቻዬን አሰላሁ። አርባ ለአሥር፣ አራት ሞላር። አምስት ሞላር የነበረ አራት ሊትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ሲጨመርም አራት ነው። ልክ ኃጢአቴን ያህል። አለቀስኩ። ሒሳቡ ስለሞላልኝ ደግሞ ኮራሁ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 12
ደብተሬን አየችው።
«እትዬ፣ ለሁለት አላካፈሉም። የባትሪ አሲድ አንዱ ሁለት ቤዝ ነው የሚጨርሰው።»
«ታዲያ?»
«ሁለት ሞላር ነዋ።»
ወደ ኋላ አሰላሁ። ከእኔ ውሃ በፊት ሁለት ተኩል ብቻ ነበር። ግማሹ! ሻጩ ይሆን? አይሆንም። ሲረከብ በመለኪያ ሳይፈትሽ አይቀበልም ነበር። ከተረከበ በኋላ ግን መለኪያውን ሲያነሳ አይቼው አላውቅም። ለካ እሱም ውሃ ይጨምር ኖሯል...

ጥቅምት 15
እህቱ መጣች። የእኔን አንድ ሊትር ነገርኳት።
«አንቺ ነሽ የወንድሜን ስም ያጠፋሽው?» በሩን ወርውራ ዘግታ ሄደች።
የእሱን ውሃ አልነገርኳትም። ንጹሕ ወንድም ይኑራት።
ፎቶውን ወለወልኩ። «አንተም?» አልኩት። ከሞተ ወዲህ ፊቱን ቀና ብዬ ሳየው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።
መምህርቷ ነገ ጀሪካኑን ትወስደዋለች። የድሮውን ወረቀት ላጥኩና አዲስ ለጠፍኩ፦ «ሁለት ሞላር። የባልና የሚስት ሥራ።»