ለሌንጮ የተላከው መብራት

ለእህቴ ልጅ፣ ቢሾፍቱ

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ደኅና ነኝ ካልሽ ቅሬታዬን ላስቀድም። ለሌንጮ ዓይን መሸፈኛ ከጥቁር ጨርቅ፣ ያውም ገበር አግብተሽ ሰፍተሽ ልከሻል። ለአጎትሽ መሐረብ እንኳ አልላክሽም። ጎረቤቴ ዲሪቤ ከጋሼ ውሻው በለጠ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታብኛለች።

እኛ አለን። የመቱ ዝናብ አላቆመም። እናትሽ ትበላለች፣ ትተኛለች። ከወንድምሽ ከቢኒያም አርባ ወዲህ ግን ከግቢዋ ወጥታ አታውቅም። ትቶላት የሄደው ይህ ውሻ ነውና ሲያክክ ቁጭ ብላ ታዳምጠዋለች። አታለቅስም። እኔም አላለቅስም። ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ እቀልዳለሁ፣ ሰው ይስቃል። የገዛ ድምፄን ከሌላ ቤት እንደሚመጣ ነው የምሰማው።

በስልክ ብናገረው ቀልጄ አልፈዋለሁ ብዬ የፈራሁት ነገር አለ።

ለሌንጮ ቆዳ ብግነት የላክሽውን መብራት እንዳዘዝሽኝ ነው የጀመርኩት። አልትራቫዮሌት ብሎ ለመጥራት ብቻ ሁለት ቀን ተለማምጃለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እናትሽ ቤት እሄዳለሁ፤ የሆዱን ፀጉር ላጭቼ፣ ዓይኑን ሸፍኜ፣ ከግማሽ ደቂቃ ተነስቼ ጥቂት ጥቂት እየጨመርኩ አንድ ደቂቃ ደረስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ቅላቱ ደበዘዘ። እናትሽ ትናንት ሳያክክ አደረ አለችኝ። ከቀብሩ ወዲህ ሳልጠይቃት የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ነው።

ከዚያ ሳምንት ሙሉ የከተማው መብራት ጠፋ። ሦስት የሕክምና ቀን አመለጠን። ተማሪ ቤት የቀረ ትምህርት በማካካሻ ይሞላ የለ? መብራት ሲመጣ ያመለጡትን ከዕለቱ ጋር ደምሬ አራት ደቂቃ በአንድ ጊዜ አበራሁበት። እናትሽ አልበዛም ወይ ብላኝ ነበር። በመቱ ክረምት ፀሐይ በዛብኝ ያለ ውሻ የለም ብዬ ቀለድኩ።

በማግስቱ ሆዱ እንደ በርበሬ ቀላ፣ ከዚያ ውሃ ቋጠረ። መብላት ተወ። የእንስሳት ሐኪሙን ዲበኩሉን ጠራሁት። ጨረሩ እንደ መድኃኒት ነው፣ ያመለጠ አይደመርም፣ ሲቋረጥ እንዲያውም ይቀነሳል አለኝ። ቅባት ሰጠን፤ ቃጠሎው ሲድን ከግማሽ ደቂቃ እንደገና ጀምሩ አለ። ቃጠሎው ከዳነ ሁለት ሳምንት ሆነው። መብራቱን ግን አልነካሁትም። ማከኩ ተመልሷል፣ ቆዳውም መድማት ጀምሯል።

እናትሽ አልተቆጣችኝም። ተወው አለች፣ በቃ። ቢኒያም ከቡሬ ሲመለስ ስለተገለበጠበት ሞተርም አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ፍሬኑን የሠራሁለት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች። ሠርቼ፣ ሞክሬ፣ እንደ አዲስ ነው ብዬ ትከሻውን መትቼ ሸኘሁት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ መብራቱን ካርቶን ውስጥ አሽጌዋለሁ። ነገ ሹፌሩ ሰይፈ ሚካኤል በአውቶቡሱ ያደርስልሻል፤ ደብዳቤውንም አብሬ እሰጠዋለሁ። ለሌንጮ ሌላ ሰው ፈልጊለት። የእኔ እጅ ሬዲዮ ይብቃው፤ ሬዲዮ ቢበላሽ ዝም ይላል እንጂ

በር ተንኳኳ። ቆዪኝ።

እናትሽ ናት። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ ዝናቡ አበስብሷታል፤ ሌንጮን በገመድ ይዛዋለች። ካርቶኑን አየችና ማን አሽገው አለህ አለችኝ። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ረሳኸው ወይ አለች። እኔ በሰዓት እቆጥራለሁ፣ አንተ መብራቱን ያዝ አለች። የእኔ እጅ ይቅርበት አልኳት። አይቅርበትም አለች።

ካርቶኑን በጥርሷ እየቀደደችው ነው። እንግዲህ መብራቱ አይመጣልሽም፣ ደብዳቤው ብቻ ነው። አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ እጅሽን ይባርከው። እየጠራችኝ ነው፣ ልነሳ።

አጎትሽ