ቀኝ ጆሮዬና ዘሃራ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቀኝ ጆሮዬ ከክረምት ጀምሮ አይሰማም። ለማንም አልነገርኩም። በአንድ ጆሮ ድምፁ ይሰማል እንጂ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ሱቄ ውስጥ ማን እንዳናገረኝ የምለየው አፉ የሚንቀሳቀሰውን አይቼ ነው።

ዛሬ ለዙህር ሶላት ሱቁን ዘግቼ ፒያሳ መንገዱ ላይ ስወጣ «እማ!» ሲባል ሰማሁ። የልጄ የዘሃራ ድምፅ ነው። ባጃጁ ይጮሃል፣ ሰዉ ይተራመሳል። ፊት ለፊቴ አንዲት ልጅ ስታወራ አየሁና ወደሷ ሄድኩ። የማላውቃት ናት። ዘሃራ ለካ በቀኜ በኩል ቆማ ነበር። ካገባች ወዲህ ኒቃብ ትለብሳለች፤ አፏ አይታይም። ዞር ስል ሄዳለች።

ከዐስር ሶላት በኋላ እህቴ ከድጃ ደወለች።

«ምነው ልጅቱን ፊት ነሳሻት? በኒቃቤ አፈረችብኝ ብላ እዚህ ስታለቅስ ነበር።»

«አላየኋትም።»

«አጠገብሽ ቆማ?»

ኒቃቡን ስትጀምር አልወደድኩትም ብያት ነበር። አሁን ጆሮዬ ነው ብል ማን ያምነኛል?

«ወዳንቺ ልኬያታለሁ፤ በሩን ክፈችላት» ብላ ዘጋች።

ትንሽ ቆይቶ በር ሲንኳኳ ሰማሁ። የኛ ይሁን የጎረቤት አላወቅሁም። ተነሥቼ ማየት ነበረብኝ። የቱ በር እንደሆነ ለመለየት ሳዳምጥ፣ እንደተቀመጥኩ ማንኳኳቱ ቆመ።