በሐዘን ቤት ታንጎ

ኅዳር 7
የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልሁ። የሕግ ተማሪ ተብለው "ማስረጃ" ምን እንደሆነ በቅጡ የጻፈ አንድ የለም። ግራ ቀኙን ሳይሰሙ የሚፈርዱ ደናቁርት።
ሰፈሬ ቁስቋም ስደርስ ሙዚቃ ይሰማል። ከቤቴ። የትነበርሽ ከሞተች ዓመት አልሞላም። እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍኜ... ልጃችን ዘፈን ትከፍታለች።
"ኤሌኒ፣ ምንድን ነው ይኼ?"
"ታንጎ ነው፣ አባዬ።"
"በእናትሽ ሐዘን ላይ?"
"ይኼም ሐዘን ነው።"
ስፒከሩን ነቅዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት።

ኅዳር 8
አብራኝ አትበላም። ሆስፒታል ተረኛ ነኝ ትላለች። ውሸት።

ኅዳር 10
ቁርስ ላይ ስለ ታንጎ ልታስተምረኝ ተነሣች። አርጀንቲና፣ የቦነስ አይረስ ወደብ ድሆች ጀመሩት... ከባርነት የወጡ ጥቁሮች... አገራቸው የናፈቃቸው ጣሊያኖች...
"ጣሊያን ለጎንደር ፖስታ ቤትና ሲኒማ ትቶ ሄዷል። የቀረብን ይኼ ነበር?" አልኋት።
አልሳቀችም። "ቤት ተከራይቻለሁ። ቅዳሜ እወጣለሁ።"
ለዘፈን ብላ? ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ታውቃለች።

ኅዳር 12
እትዬ አበቡን ከኮሶዬ አስመጣሁ። የየትነበርሽ ታላቅ እህት። በሐዘን ሥርዓት የምትምረው ሰው የለም። ዓመት ሳይሞላው ሠርግ የሄደ ጎረቤቷን እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም። ትፍረድ። ስፒከሩን አውጥቼ ራሴ ከፈትሁት።
ጆሮዋን ጥላ ሰማች።
"ማን ሞቶባቸው ነው?"
"ማንም አልሞተም። ጭፈራ ነው። ወንድና ሴት ተቃቅፈው ይረግጣሉ።"
"እኛስ ለቅሶ ላይ እየዞርን አንረግጥም? ምነው ሰውአገኝ፣ የትነበርሽን ስንሸኝ አላየኸንም? አዎ፣ አንተማ የድንኳኑን ገመድ ስታጠብቅ ዋልህ።"
ነጠላዋን አዘቀዘቀች። በዚያው ምት ደረቷን እየደቃች የእህቷን ስም ትጠራ ጀመር። ኤሌኒ ከጓዳ ወጥታ ተከተለቻት። ልወጣ ብል በሩ ላይ ቆመዋል።
ልትፈርድልኝ ያስመጣኋት ሴት...

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ
እትዬ አበቡ በጠዋት መኪና ሄደች። ለሙት ዓመቱም ያንኑ ክፈቱት ብላ። አይሆንም። ቄሶቹ ምን ይላሉ?
የኤሌኒ ሻንጣ በሩ ጥግ ቆሟል። ስፒከሩን ላዩ ላይ አስቀመጥሁት።
"እየሸኘኸኝ ነው?"
"እዚሁ ክፈቺው።"
ጎረቤት በአጥር ይሰማል። ይስማ።
አሁንም አልወደውም። ዘፋኙ ያጋንናል። ቫዮሊኑ ልክ አያውቅም። ያ አኮርዲዮን መሳይ ነገር ብቻ... ከመጮኹ በፊት አየር ይስባል። ሲስብ ይሰማል። የትነበርሽ በመጨረሻዎቹ ቀናት እንደዚያ ነበር የምትተነፍሰው። ለማንም አልተናገርሁም።
አለቀ። ኤሌኒ ልታጠፋው እጇን ዘረጋች።
"ድገሚው" አልኋት።