ባለሦስት አፉ ቫልቭ

ማክሰኞ

ዝም አልኩ። አውቄ ዝም አልኩ፤ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። ፋብሪካችን የአፕልና የቼሪ ጭማቂን ከሁለት ታንክ አምጥቶ በአንድ መስመር ወደ ጠርሙስ መሙያው የሚልክ አዲስ ቧንቧ እየዘረጋ ነው። መገናኛው ላይ ባለሦስት አፍ ቫልቭ ይገባል። ሁለቱ አፎች ከታንኮቹ ይቀበላሉ፣ ሦስተኛው ወደ መሙያው ይሰጣል። እንዲህ ያለው ቫልቭ እንደ ውስጥ ቀዳዳው ቅርጽ ሁለት ዓይነት አለው። ኤል የሚባለው ወይ አፕሉን ወይ ቼሪውን ያሳልፋል፤ በቃ። ቲ የሚባለው ሁሉንም ይችላል፤ ጣጣውም እሱ ነው። እጀታው ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው ሲዞር ሁለቱን ሳያገናኝ አያልፍም። የሚያስፈልገን ኤል ነው። ጋሼ ታምሩ ግን ስብሰባው ላይ "ቲ" አሉ።

ጋሼ ታምሩ የጥገና ክፍሉ አንጋፋ ናቸው። በዲቪ መጥቼ ቢከን ሂል ሰፈር እህቴ ሶፋ ላይ እያደርኩ ሥራ ስፈልግ፣ ማመልከቻዬን በእጃቸው ይዘው የገቡልኝ እሳቸው ናቸው። አገር ቤት ስኳር ፋብሪካ ነው የሠሩት፤ ቫልቭን እስከ ዛሬ ሳራቺኔስካ ነው የሚሉት። ይሄን መስመር እንዲመሩ የተመረጡትም እሳቸው ናቸው። "ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ራሴ አቁሜ ልሂድ" ይላሉ።

ማኔጀራችን ዳና ወደ እኔ ዞራ ትስማሚያለሽ ወይ አለችኝ። በፈረንጅ ፊት ጋሼ ተሳስተዋል ልበል? ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ዕቃ የማዝዘውም እኔው ነኝ፤ አዘዝኩት።

ረቡዕ

ምሳ ላይ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። "ጋሼ፣ ያ ቲው እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ምነው፣ ፈራሽ እንዴ?" አሉ እየሳቁ። "ሶ፣ ነገ ማደባለቅ ቢያምራቸውስ? ቲው ሁሉንም ሃንድል ያደርጋል። አንቺ ልጅ ገና ነሽ።"

አብሬ ሳቅሁ። ምን የሚያስቅ ነገር አለ?

ማታ ለእህቴ ለሐና በስልክ ነገርኳት። አሁን ከቢከን ሂል ወጥታ ሊንውድ ነው የምትኖረው። "ሽማግሌ ማረም ኃጢአት ነው እንዴ? ለብቻቸው ቴክስት አድርጊላቸው፣ አለቀ!" ብላ ጮኸችብኝ። ጻፍኩ። ድፍረት መሰለኝ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ አሁንም አጠፋሁት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቅጠሉ እጄ ላይ ነው።

ሐሙስ

ቫልቩ መጣ። ጋሼ ራሳቸው ገጠሙት፤ ብየዳውን ላየ ያስቀናል። በውሃ ተፈተነ። አንድም ጠብታ አላንጠባጠበም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። በሁለቱም ታንክ ያለው ውሃ ነው፤ ውሃ ከውሃ ቢደባለቅ ማን ያያል?

ምናልባት ጭማቂውም ላይ ምንም አይሆን ይሆናል እያልኩ ራሴን ስደልል ዋልኩ።

ዓርብ

ሆነ።

ከአፕል ወደ ቼሪ ሲቀየር ኦፕሬተሩ እጀታውን መሃል ላይ ትንሽ አቆየው። የቼሪው ታንክ ሙሉ ስለነበር ገፍቶ አፕሉ ውስጥ ገባ። የአፕሉ ታንክ ክዳን ሲከፈት ቀይ ነው። በሙሉ ተደፋ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ጭማቂም እንደዚያው።

ዳና ቫልቩን ማን መረጠ ብላ ጠየቀች። ጋሼ ጓንታቸውን አወለቁና "እኔ" አሉ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። እዚያው አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ምላሴ ታሰረ። ስብሰባው ላይ የታሰረው በአክብሮት ነው እንበል፤ የዛሬው ግን ፍርሃት ብቻ ነው።

ከሰዓት ዳና ቢሮዋ ጠራችኝ። ከሰኞ ጀምሮ መስመሩን አንቺ ምሪው አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት! አመሰግናለሁ! አፈርኩ።

ቅዳሜ

ጋሼ ቤት፣ ፌደራል ዌይ ሄድኩ። ዝናቡ ሀይዌዩን አጨናንቆት ስለነበር ንግግሬን ለመለማመድ ጊዜ ነበረኝ፤ እንደደረስኩ ግን ሁሉም ጠፋኝ። ጋሼ ሳሎን ነበሩ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበችም ከጎናቸው። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው።

"አውቀሽ ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ያን ዕለት፣ ስብሰባው ላይ?"

"አዎ።"

እትዬ ዘነበች "ልጅቷ እኮ አክብራህ ነው" አሉ።

"ማክበር?" አሉ ጋሼ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ማታ ኮል አድርገሽ 'ጋሼ፣ ኤል ነው' ብትዪኝ፣ ጠዋት እኔው ቼንጅ አደርገው ነበር። ማንም አይሰማም ነበር። አሁን ግን በዚህ ዕድሜዬ ልጆች ፊት ጥፋተኛ አድርገሽ አቆምሽኝ።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። "ተይ፣ ተይ" አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላሉም።

መንገድ ላይ እያለቀስኩ ተመለስኩ። የጠበቅሁት የሳቸውን ክብር አልነበረም። ባለጌ፣ ያሳደጋትን የማታውቅ እንዳልባል ነው የፈራሁት።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆሜ አስቀደስኩ። ጋሼን ሳላገኝ ወጣሁ።

ሰኞ

ለዳና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስህተቱን ቀድሜ ማወቄን፣ እሳቸው ብቻ ሊወቀሱ እንደማይገባ። መስመሩ ለሳቸው ይመለስ አልኳት። ታምሩ ዛሬ ጠዋት መጥቶ ወደ አሮጌው መስመር መልሱኝ፣ አዲሱን እሷ ትምራው ብሏል አለችኝ። ለምን መናገር እንዳቃተኝ ላስረዳት ሞከርኩ። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ የሚያስረዳ ካለ ይምጣ።

ቲው ወጥቶ ኤሉ ገባ። በትክክል ይሠራል። ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ

ዛሬ ደግሞ ለማጠቢያው ሙቅ ውሃ ቫልቭ መምረጥ ነበረብን። እዚህ ሙቁና ቀዝቃዛው መደባለቅ አለባቸው፤ ስለዚህ ቲ ነው። የምጠራጠረው ቫልቩ ውስጥ የምትዞረዋን ኳስ የሚይዘው ነጭ ፕላስቲክ ያንን ሙቀት ዓመት ከዓመት መቻሉን ነው። ይሄ በመጽሐፍ አይገኝም፤ የሚያውቁት ጋሼ ናቸው። ስኳር ፋብሪካ በነበሩበት ዘመን ሁሉ ከእንፋሎት ጋር ነው የታገሉት።

አሮጌው መስመር ድረስ ሄድኩ። ሥዕሉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት። ጣታቸው ፕላስቲኩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ከዚያ አለፈ።

"ጋሼ፣ ተሳስቼ ከሆነ ፕሊስ ይንገሩኝ።"

"አንቺ ካልሽ ኦኬ ነው፤ ሊድ የምታደርጊው አንቺ ነሽ" አሉኝ በጨዋ ድምፅ። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

ልክ ነኝ ማለታቸው ይሁን፣ ስህተቴን አይተው መተዋቸው ይሁን መለየት አቃተኝ። ጣታቸው ለምን ቆመ? ቫልቩን ሳላዝዝ ወደ ቤት መጣሁ።